ክፈፍ (በዘጌ ገዳማት የግድግዳ ሥዕል)

ክፈፍ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንዱን ታሪክ ከሌላው የሚለይ፣ የሥዕሉንም ዳር የሚይዝ ባለቀለም መስመር ነው። አንዳንዱ ባለ አንድ ቀለም ጠባብ መስመር ነው፤ አንዳንዱ ሰፋ ብሎ በሐረግ ያጌጣል። ተመልካቹ ሥዕሉን ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚያነብ የሚመራው ይኸው መስመር ስለሆነ ከጌጥነት ያለፈ ሥራ አለው።

ቦታው

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው የገባ፣ በቡና ደን የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረሳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በሥዕላቸው ከሚታወቁት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ናቸው። ሕንፃዎቹ ክብ ሲሆኑ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው ይከፈላሉ። ሥዕሉ የሚገኘው ባለ አራት ማዕዘኑን መቅደስ በሚከብበው ግድግዳ ላይ ነው።

አሠራር

ሠዓሊው በአብዛኛው ግድግዳውን በጥጥ ጨርቅ ይለብጠዋል፤ ጨርቁ በሙጫ ይጣበቅና ነጭ መደብ ይቀባል። ከዚያ ንድፉ ይወጣል፣ ቀለሙም በየቦታው ይሞላል። የፊት፣ የእጅና የልብስ ጠርዝ በጥቁር መስመር የሚከበበው በመጨረሻ ነው። ቀለሙ ከወሰኑ ጥቂት ቢያልፍ ይህ መስመር ይሸፍነዋል። ዘመናዊው ቀለም ቀቢ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። የሚጠቀምበትን ማስኪንግ ቴፕ (ተለጣፊ መሸፈኛ) በ1925 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሪቻርድ ድሩ ለመኪና ቀለም ቀቢዎች ያዘጋጀው ሲሆን፣ ቀለም እንዳይነካው የተፈለገውን ቦታ አስቀድሞ ይሸፍናል። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ግን ጥራቱን የሚያገኘው ከእጁ ጽናት ነው።

አነባበብ

በልማድ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት በሰሜን በኩል ይሣላሉ፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት በሮቹን ይጠብቃሉ። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲታዩ ክፉዎች በአንድ ወገን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ከሚታዩት ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ይህ ሰው ለተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ በፍርድ ቀን ውኃው በሚዛን ሲቀመጥ እመቤታችን ጥላዋን ታሳርፍበታለች፣ ነፍሱም ትድናለች። እንዲህ ያለ ታሪክ በአንድ ግድግዳ ላይ በብዙ ትዕይንት ሲቀርብ መብሉን፣ ውኃውንና ሚዛኑን ለይቶ በተራ የሚያስነብበው ክፈፍ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚነግረው የግዕዝ ወይም የአማርኛ ጽሑፍም ከሥዕሉ አጠገብ ይሰፍራል።

አያያዝ

ከጣሪያ የሚያፈስ ውኃ፣ እርጥበትና የእጅ ንክኪ ጨርቁን ከግድግዳው ያላቅቁታል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ይጀምራል። በፋብሪካ ቀለም ደርቦ መቀባት ደግሞ የቀደመውን ሠዓሊ መስመር ያጠፋል። የክፈፉ መስመር ሲጠፋ ታሪኮቹ ይቀላቀላሉ፤ ወጣቱ ምእመንም የሚያነበው ሥርዓት ይዛባል። ስለዚህ ጥገና ሲታሰብ ክፈፉ እንደ ቅዱሳኑ ፊት ተመዝግቦና ተጠንቶ ሊጠበቅ ይገባዋል።