ጋዙ እንግዳ ነው፦ የአሮጌ መኪና ኤሲ ታሪክና እድሳት

በ1940 ሞዴል የፓካርድ መኪና ማቀዝቀዣውን ጨርሶ ማጥፋት የፈለገ አሽከርካሪ ሞተሩን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረውን ቺንጋ ማውለቅ ነበረበት (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከመቀመጫው ሳይነሣ ሊያጠፋው የሚችለው ማራገቢያውን ብቻ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን አልተበጀለትም። የአሜሪካው ፓካርድ በ1939 መጨረሻ ለሕዝብ ያሳየው ይህ መሣሪያ አንድ መኪና አምራች ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ኤሲ ነው። ዋጋው 274 ዶላር ነበር፤ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል ደግሞ ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ተቀምጦ የሻንጣውን ቦታ ይሻማ ነበር። የሚገጥመውም ፓካርድ ራሱ አልነበረም፤ መኪናው ክሊቭላንድ ወደሚገኘው ቢሾፕ ኤንድ ባብኮክ ኩባንያ ተልኮ እዚያ ይገጠምለት ነበር። ከ1941 በኋላ ፓካርድ ነገሩን ተወው። ዛሬ እንዲህ ያለ መኪና የሚያድስ ባለሙያ «እንደ ጥንቱ ይሁን» ሲባል የጥንቱን ምኑን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ መለየት አለበት። እኔ የምለው፣ ሊጠበቅ የሚገባው ብረቱና አሠራሩ ነው፤ በውስጡ የሚዞረው ጋዝ ግን ድሮም እንግዳ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። በ1954 ናሽ ኩባንያ በአምባሳደር መኪናው ላይ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አዋህዶ ሁሉንም ከፊት አሰባሰበው። ኬልቪኔተር የተባለው የማቀዝቀዣ አምራች የዚያው ኩባንያ አካል ስለነበር ሙያው ከቤቱ ነበረ። ዋጋው 345 ዶላር ገደማ ነበር። ፋብሪካ ያልገጠመለት ሰው ደግሞ እንደ ቴክሳስ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ከዳሽቦርድ ሥር የሚንጠለጠል ኤሲ በየጋራዡ ያስገጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኤሲ ነበራቸው። በሠላሳ ዓመት ገደማ ቅንጦት የነበረው ነገር ተራ ዕቃ ሆነ።

ይህን ሁሉ ያስቻለው ጋዝ የራሱ ታሪክ አለው። ከዚያ በፊት ለማቀዝቀዣ የሚያገለግሉት አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መርዛማ ስለነበሩ ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ አብሯቸው ሊቀመጥ አይችልም ነበር። በ1928 ቶማስ ሚድግሊና ባልደረቦቹ ለጄኔራል ሞተርስ ሲሠሩ ያገኙት፣ በኋላ ፍሬዮን የተባለው ጋዝ ግን አይቀጣጠልም፣ ሽታ የለውም፣ በቀላሉም ሰው አይመርዝም። በመኪና ውስጥ የገባው አር-12 የተባለው ዓይነቱ ነው። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ይህ የጋዝ ቤተሰብ የኦዞን ንጣፍን እንደሚጎዳ አስጠነቀቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ከ1996 መግቢያ ጀምሮም አሜሪካ አዲስ አር-12 ማምረት አቆመች። አዳዲስ መኪኖች አር-134ኤ ወደተባለ ሌላ ጋዝ ተሻገሩ፤ አሮጌዎቹ ግን ማምረቻው የተዘጋ ጋዝ ይዘው ቀሩ።

ጋዙን እንግዳ ያልኩበት ምክንያት ከአሠራሩ ይነሣል። የቤት ማቀዝቀዣ ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጣሳ ውስጥ ተበይደው ስለሚታሸጉ ጋዙ ለዓመታት ሳይነካ ይኖራል። የመኪናው ኮምፕሬሰር ግን በቺንጋ የሚዞር ስለሆነ ዘንጉ ከጣሳው ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ዘንጉ የወጣበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ማሸጊያ ደግሞ ያልቃል። ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥም ቱቦዎቹ ጎማ መሆን ነበረባቸው፤ የዚያ ዘመን ጎማ ጋዙን ቀስ በቀስ ያሳልፋል። መሐንዲሶቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አረፋ ታይቶ የጋዙ መጉደል እንዲታወቅ ትንሽ የመስተዋት መስኮት፣ ጋዝ የሚሞላባቸው አፎችም አበጅተዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ራሳቸው ጋዙን እንደ ሞተር ዘይት የሚጎድልና የሚተካ ነገር አድርገው ቆጥረውታል።

«ጋዙ ብቻውን አይቀየርም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም አለው። አር-134ኤ ከድሮው ማዕድናዊ ዘይት ጋር ስለማይዋሐድ ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመለስም፤ ዘይቱ ካልተቀየረ ብረት ከብረት ይፋጫል። በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ አሮጌው ኮንደንሰር ሙቀቱን ማውጣት ይሳነዋል። ለአር-12 ግፊት የተለካ መቆጣጠሪያም እንደገና መስተካከል አለበት። ይሁን እንጂ እነዚህ ለውጦች ሁሉ ከዓይን ሊሰወሩ፣ ሲያስፈልግም ሊቀለበሱ ይችላሉ። አንድ ሰው በሕግ ተሰብስቦ የተጣራ አር-12 እናገኛለን ቢል ልክ ነው፤ ለዚያ መኪና የሚስማማውም እሱ ነው። ነገር ግን ክምችቱ አይታደስም፤ የሚሞላበት ዕቃ ደግሞ እንዲያንጠባጥብ ሆኖ የተሠራ ነው።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ይብሳል፦ «ጋዙን ከለወጣችሁ አሮጌውን ኮምፕሬሰርም አውልቃችሁ ቀላሉን የዘመኑን ግጠሙ» ይላል። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይህ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ የወለቀውን ዕቃ ካላስቀመጠ ግን ጥፋት ነው። ከባዱና ባለስድስት ሲሊንደሩ የጄኔራል ሞተርስ ኮምፕሬሰር መሐንዲሶች በ1960ዎቹ ችግራቸውን እንዴት እንደፈቱ በእጅ ተዳስሶ የሚነበብ ማስረጃ ነው። ጋዝ ግን በየትኛውም ጣሳ ቢሞላ ያው ነው፤ ስለዚያ መኪና የሚነግረን የተለየ ነገር የለውም።

አር-134ኤም ቢሆን ተራው እየደረሰ ነው። ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ከልክሎታል፤ በሞንትሪያሉ ስምምነት ላይ የተደረገው የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያም እንዲቀንስ አድርጎታል። እንግዳው ደጋግሞ ይለወጣል፤ ቤቱ ግን ይቆያል። ያንን ፓካርድ የሚያድስ ሰው ለምቾት ሲል ፍሪሲዮን ቢገጥምለት ኦዞንን አይጎዳም፤ ሆኖም ሰው ለቅዝቃዜ ብሎ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋ ያወልቅበት የነበረውን ዘመን ከመኪናው ላይ ይፍቀዋል። ጋዙን ለውጦ ቺንጋውን እንዳለ ቢተወው ግን ያ ዘመን እዚያው ኮፈኑ ሥር እንዳለ ይኖራል።