ቱርቦ ያለውን ሞተር ከማጥፋት በፊት

ቱርቦ ከሞተር በሚወጣው ትኩስ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሲሊንደሮች ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚጠብቀው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይት ፓምፑም ይቆማል። ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ ሽቅብ የወጣ የናፍጣ መኪና ጎሐ ጽዮን እንደ ደረሰ ወዲያው ቢጠፋ፣ የጋለው ቱርቦ በውስጡ የቀረውን ዘይት ያሳርረዋል። ይህ ሲደጋገም የዘይቱ መተላለፊያ በጥላሸት ይጠባል፤ ኩሽኔታውም ይበላል። ከእንዲህ ያለው ጉዞ በኋላ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይበጃል። በከተማ ውስጥ በዝግታ ለተነዳ መኪና ይህ ነዳጅ ማባከን ብቻ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያዘዋውር የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ።