አንድ እምነት፣ ሁለት ቅዳሴ፦ የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊኮች የማንነት ጥያቄ

ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ከጎረቤቶቹ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ካቶሊክ ከሆንክ ገናን ለምን ከእኛ ጋር ታኅሣሥ 29 ቀን ታከብራለህ? የፈረንጆቹ እኮ አለፈ» ይባላል። ጥያቄው በክፋት የሚነሳ አይደለም። ከበስተጀርባው ግን አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ግምት አለ፤ ካቶሊክነት የባዕድ ነው፣ የተቀበለውም ሰው አንድ እግሩን ከአገሩ ባህል አውጥቷል የሚል።

በ2007 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊኮችን ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ አድርጎ መዝግቦታል። በዚህ አነስተኛ ቁጥር ውስጥ የዓሊቴናው ኢሮብ፣ የእምድብሩ ጉራጌ፣ የወላይታው፣ የከምባታው፣ የሐዲያው፣ የሲዳማው፣ የወለጋው ኦሮሞና የከፋው ሰው አብረው ተቆጥረዋል። ከመረብ ማዶ ደግሞ የአከለ ጉዛይ ትግርኛ ተናጋሪዎች፣ የከረን ብሌኖችና የባረንቱ ኩናማዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በቋንቋ ብቻ ሳይሆን በሚቀድሱት ቅዳሴም ይለያያሉ፤ ገሚሱ በግእዝ ሥርዓት፣ ገሚሱ በላቲን ሥርዓት ያመልካል። ይህ መለያየት እንዴት እንደመጣ ለመረዳት የመጀመሪያውን ትልቅ ስህተት ማስታወስ ያስፈልጋል።

በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴጥሮስ ፓኤዝ ትዕግሥተኛና ቋንቋ አዋቂ ሰው ነበር። ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲገልጹ የእርሱ ድካም ፍሬ አፈራ፤ እርሱም በዚያው ዓመት አረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የትዕግሥት ሰው አልነበረም። የተጠመቀው እንደገና እንዲጠመቅ፣ የተቀባው ካህን እንደገና እንዲቀባ፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር እንዲውሉ አዘዘ። በታሪክ መጻሕፍት የዚያ ዘመን እልቂት የባሕርይ ክርክር ውጤት ተደርጎ ይቀርባል፤ እውነትም ነው። ይሁንና ጦሩን ያነሳው ገበሬ ሁሉ የኬልቄዶንን ጉባኤ ውሳኔ መርምሮ ተነሳ ማለት ያስቸግራል። ገበሬው የተነካበት ጾሙ፣ በዓሉ፣ የአባቱ ጥምቀት ነው። ዓፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ከዚያ ወዲህ ካቶሊክ የሚለው ስም በሰሜኑ ሕዝብ ጆሮ ከደም ጋር የተያያዘ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ይሁን እንጂ ሮም ራሷ ከሐበሻ ጋር የነበራት ግንኙነት ከዚያ በፊት የጀመረና የተለየ መልክ የነበረው ነው። በቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። ተስፋ ጽዮን የተባሉት መነኩሴ በ1548 እና 1549 የግእዝ አዲስ ኪዳንን በማተሚያ ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። አባ ጎርጎርዮስም በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት በዚሁ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ለሮም ግእዝን አስተማሩ እንጂ ግእዛቸውን እንዲጥሉ አልተጠየቁም። የሜንዴዝ ጥፋት ይህን አለማስተዋሉ ነበር።

ያስተዋለው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ነው። ጣሊያናዊው ላዛሪስት ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ዓድዋ ሲገባ በቅድሚያ ያደረገው እንደ አገሩ መነኩሴ መልበስ፣ የአገሩን ምግብ መብላትና ቋንቋውን መማር ነበር። ሕዝቡም አቡነ ያዕቆብ አላቸው። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል የሚያስተምሯቸውን ካህናት ወደ ላቲን ሥርዓት አልወሰዷቸውም፤ በግእዝ እንዲቀድሱ አደረጉ እንጂ። በሰሜኑ አገር ካቶሊክነት ሥር የያዘው በዚህ ውሳኔ መሆኑን መናገር ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ሁሉ ምስክር አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የጎጃም ተወላጅ፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴና የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ በላኩት የልዑካን ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ አቡነ ያዕቆብም አብረው ተጉዘዋል። ቡድኑ ሮም ድረስ ዘልቆ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር ተገናኘ። ገብረ ሚካኤል እስከ 1844 ድረስ ካቶሊክ አልሆኑም፤ ዓመታት ያስፈጀባቸው ፍለጋ የነገረ ክርስቶስ ጥያቄ ነበር፣ ያም በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። በ1851 ክህነት ተቀበሉ። ብዙ ሳይቆይ ታሰሩ፤ በዘመነ ቴዎድሮስ መጀመሪያ፣ በ1855 ነሐሴ፣ እግራቸው በሰንሰለት እንደታሰረ ሞቱ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። በባዕድ ሃይማኖት ተከሰው የሞቱት እኚህ ሰው ትምህርታቸው ሁሉ ከአገራቸው ገዳም የተገኘ መሆኑ ከክሱ ጋር አብሮ የሚሄድ አይደለም። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1860 በዓሊገዴ ሸለቆ በጉዞ ላይ አርፈው ሄቦ ተቀበሩ፤ በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

በዚያው ዘመን በደቡቡና በምዕራቡ የተጓዘው ታሪክ ሌላ ነው። አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካር ተብለው ተሾመው በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ በኋላም እስከ ከፋ ዘለቁ። አቡነ ያዕቆብን በ1849 በምጽዋ ጳጳስነት የቀቡት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ ግን በአንድ መንገድ አልሠሩም። ማስያስ የደረሱበት ሕዝብ ግእዝ የአባቶቹ ቋንቋ አልነበረም፤ ስለዚህ ሥርዓቱም ላቲን ሆነ። በ1867 ፓሪስ ላይ ያሳተሙት ሰዋስው አማርኛንና ኦሮምኛን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው። በ1879 በዓፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። የካፑቺኖቹ ሥራ ግን በሐረር ቀጠለ፤ አቡነ እንድርያስ የተባሉት ፈረንሳዊው ጳጳስ ዣሮሶ ልጅ ተፈሪ መኮንንን ካስተማሩት አንዱ ናቸው።

ሚሲዮናዊ ሁሉ የቅኝ ገዢ ቀዳሚ ነው የሚለው አባባል በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። ለአባባሉ የማይመች አንድ ሰው ግን አለ፤ የሰገነይቲው ደጃዝማች ባሕታ ሓጎስ። ባሕታ ካቶሊክ ነበሩ። የኢጣሊያ መንግሥት የገበሬውን መሬት ለሰፋሪዎቹ መንጠቅ ሲጀምር በታኅሣሥ 1894 የመጀመሪያውን ትልቅ አመጽ ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ወር ሐላይ ላይ ተገደሉ። ቅኝ ገዢው በአመጹ የጠረጠረው ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች ነበር፤ በ1895 አባረራቸው፤ ስፍራቸውን የኢጣሊያ ካፑቺኖች ያዙ። ለኢጣሊያኖቹ የባሕታ ካቶሊክነት የታማኝነት ዋስትና አልሆነም።

በቀጣዩ ምዕት ዓመት ሮም የግእዝን ሥርዓት በራሱ እግር ለማቆም ደረጃ በደረጃ ተንቀሳቀሰች። በ1919 በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተመሠረተ። በ1930 አቡነ ኪዳነ ማርያም ካሣ በኤርትራ ለግእዝ ሥርዓት ምእመናን ተሾሙ። በ1961 አዲስ አበባ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆና አሥመራና ዓዲግራት በሥሯ ተዋቀሩ፤ አቡነ አሥራተ ማርያም የመሩ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። የተኳቸው አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ተባሉ። የአቡነ ጳውሎስን ማንነት ለመረዳት ከካርዲናልነታቸው ይልቅ በ1968 የታተመውን ሥራቸውን መመልከት ይበጃል፦ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው። የኦርቶዶክሳዊቷ ኢትዮጵያ የሕግ መጽሐፍ ለዓለም የተዳረሰው በካቶሊክ ካህን ብዕር መሆኑ ብዙ አይነገርም።

የአወቃቀሩ ራስ ግእዝ ሆኖ ሳለ ምእመናኑ የበዙት ግን በደቡብ ነው። በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በፈረንሳይ ካፑቺኖች፣ በሲዳማ ደግሞ በ1960ዎቹ በኮምቦኒ ሚሲዮናውያን የተስፋፋው ካቶሊክነት የላቲን ሥርዓት ነው። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ቅዳሴው በአገሬው ቋንቋ ሲሆን የሚያስገርም ነገር ተፈጠረ። ላቲን የሚባለው ሕዝብ አንዲት የላቲን ቃል ሳይሰማ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይቀድሳል፤ ግእዝ የሚባለውም በአብዛኛው በአማርኛና በትግርኛ ያስቀድሳል። በግእዝ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የላቲኖቹ መቁጠሪያ አለ፤ በላቲኖቹ ዘንድ ከበሮ አለ። የወላይታው ካቶሊክ አንዳንድ ጊዜ ሥርዓቱ «ያገር» አይደለም ሲባል ይሰማል፤ ግን የትኛው አገር? ቅዱስ ያሬድ የአክሱም ልጅ ነው፤ ለወላይታው የቋንቋው ዜማ ከአክሱም ዜማ ያነሰ አገራዊነት የለውም።

ሮም ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም። በኤርትራ በ1995 የላቲኑ ቪካርያት ተሰርዞ ከረንና ባረንቱ የግእዝ አህጉረ ስብከት ሆነው ቆሙ፤ ኩናማውም በግእዝ ጳጳስ ሥር ገባ። በ2015 ደግሞ የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ መንበር ተለይታ በአሥመራ የራሷን አቋቋመች። በኢትዮጵያ ግን እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ በግእዝ፣ ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ መቂ፣ ነቀምትና ሐረር በላቲን ይኖራሉ። በ1999 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ የሆኑትና በ2015 ካርዲናል የተባሉት አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል በሐረርጌ ተወልደው፣ ወደ ግእዙ መንበር ከመምጣታቸው በፊት የላቲኑን የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት የመሩ ናቸው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በየዕለቱ የሚገናኙት በአዲስ አበባ ነው። ከሶዶ ለሥራ የመጣ ወጣት ከዓዲግራት የመጣች ልጅ ያገባል፤ የሚያስቀድሱት አቅራቢያቸው ባለው የግእዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ይመጣል። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ እንደሚደነግገው ልጁ የአባቱን ቤተ ክርስቲያን ይከተላል፤ ወላጆቹ በአንድ ድምፅ ከጠየቁ ግን የእናቱን መከተል ይችላል። ዕድሜው 14 ከሞላ በኋላ የሚጠመቅ ደግሞ ራሱ ይመርጣል። እናም ሕፃኑ በግእዝ ሥርዓት ተጠምቆ፣ በአማርኛ ጸሎት ተደርጎለት፣ የሶዶው አባቱ ልጅ በመሆኑ ላቲን ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ሕጉ ካህኑ የየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆነ በጥምቀት መዝገቡ ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ካህኑም ከስሙና ከክርስትና አባቱ ስም ጎን አንዲት ቃል ይጽፋል።