አዟሪው የመሠረተው ኦምሮን

ቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ «ኦምሮን» የሚለውን ስም በመለኪያው ላይ አይታችሁት ይሆናል። ይህ የጃፓን ኩባንያ ግን ያደገው በግፊት መለኪያ አይደለም። ያሳደጉት የፋብሪካ ማሽን መቼ ተነስቶ መቼ እንደሚቆም የሚያዙት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፦ ሪሌ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሴንሰር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ካዙማ ታቴኢሺ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ በአንድ ፋብሪካ ሪሌ ይሠራ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ከሥራው ወጣና የሱሪ መተኮሻና የቢላ መሞረጃ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። መሞረጃውን በብስክሌት ጭኖ ያዞር ነበር። ገበያው ግን አልቀናውም።

መንገድ የከፈተለት የቀድሞ ሙያው ነው። ያኔ ራጅ ሲነሳ ጨረሩን በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቋርጥ መሣሪያ ይፈለግ ነበር። ታቴኢሺ የሪሌ እውቀቱን ተጠቅሞ በሰከንድ አንድ ሃያኛ የሚያቋርጥ ቆጣሪ ሠራ። በ1933 ኦሳካ ውስጥ በጥቂት ሠራተኛ አነስተኛ ፋብሪካ ከፈተ። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበለት ጥያቄ ማይክሮስዊች የተባለችውን ጥቃቅን ማብሪያ እዚያው ጃፓን ውስጥ መሥራት ቻለ።

በ1945 የኦሳካው ፋብሪካ በአየር ድብደባ ጠፋ። ኪዮቶ የተከፈተው ቅርንጫፍ ስለተረፈ ሥራው ከዚያ ቀጠለ። «ኦምሮን» የሚለው የንግድ ምልክትም በ1959 የወጣው ፋብሪካው ካለበት ከኪዮቶው የኦሙሮ ሰፈር ስም ነው። በ1960 ዕቃ ሳይነካው የሚሠራ ማብሪያ አወጣ፤ በ1964 የመኪናውን ብዛት እያየ የሚቀያየር የትራፊክ መብራት ሠራ፤ በ1967 ደግሞ ኦሳካ አጠገብ ትኬት ቆራጭ የማያስፈልገው የባቡር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የምናውቀው የግፊት መለኪያ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነው።

መሞረጃ የገዛ ሰው ለዓመታት ሌላ አይገዛም። ሪሌ ግን ማሽን በተሠራ ቁጥር ይፈለጋል፤ ሲበላሽም ይለወጣል። እኛ ወፍጮውንና ፓምፑን ድንበር አሻግረን እንሸጣለን። ማሽኑ የቆመበት ደንበኛ ደውሎ የሚጠይቀን ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። የዚያችን ዕቃ ስምና ቁጥር የሚያውቅ፣ ከመጋዘኑም አውጥቶ የሚሰጥ ነጋዴ ደንበኛው ሁልጊዜ ይመለስለታል።