ባለቤት ያጣው ዋንጫ

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈ ታሪክ ብዙ ነው፤ ስለ ጨዋታ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ከተማ ሕዝብ ማንን እንደሚያምንና ማንን እንደሚጠረጥር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው፥ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ከብዙ የሸንጎ መዝገብ ይልቅ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ። በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ በ1909 የተደረገው የዋንጫ ፍጻሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ያ ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1901 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለፍጻሜው የደረሱት ሁለቱ ክለቦች ሬንጀርስና ሴልቲክ ነበሩ። ሬንጀርስ በ1872 በጥቂት ወጣቶች የተቋቋመ ነው። ሴልቲክን በ1887 የመሠረቱት ግን ወንድም ዋልፍሪድ የተባሉ አየርላንዳዊ መነኩሴና የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። አሳባቸውም ከጨዋታው በሚገኘው ገንዘብ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ሰፈር የሚኖሩትን የድኾች ልጆች ለመመገብ ነበር። ሴልቲክ በግንቦት 1888 የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከሬንጀርስ ጋር ሲሆን፥ አምስት ለሁለት አሸነፈ። በዚያም ምሽት የሁለቱ ወገን ተጫዋቾች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አብረው ተጋበዙ። የኋለኛውን ዘመን ጠላትነት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

ከጊዜ በኋላ ሴልቲክ ከአየርላንድ ተሰደው የመጡት የካቶሊኮች፥ ሬንጀርስ ደግሞ የፕሮቴስታንቶች ክለብ እየተባሉ ተለዩ። ሕዝቡም በሃይማኖትና በትውልድ እየተከፈለ ወደየሚወደው ወገን አዘነበለ። ነገር ግን ከዚህ ልዩነት ጋር አንድ ሌላ ነገር አብሮ አደገ፤ እርሱም ገንዘብ ነው። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ሜዳው ስለሚሞላ፥ የመግቢያው ገቢ ለሁለቱም ታላቅ ሲሳይ ሆነ። በ1904 አንድ የስፖርት ጋዜጣ ሁለቱን ክለቦች እንደ አንድ የንግድ ኩባንያ አድርጎ በሥዕል ቀለደባቸው። «ነባሩ ኩባንያ» የሚለውም ስም እስከ ዛሬ ድረስ አልተለያቸውም።

የ1909 ውድድር ሲደርስ ሴልቲክ የ1907ንና የ1908ን ዋንጫ ተከታትሎ ወስዶ ስለ ነበር ሦስተኛውን ይመኝ ነበር። ሬንጀርስም ከ1903 ወዲህ ዋንጫውን አልጨበጠምና ቍጭት ነበረበት። ሚያዝያ በገባ፥ እንደ አውሮጳውያን ኤፕሪል 10 ቀን፥ ሰባ ሺህ የሚያህል ሕዝብ ሃምፕደን በተባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ሬንጀርስ ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ፥ በረኛው ሃሪ ሬኒ ኳሷን በእጁ ያዘ። እየገሠገሠ ከመጣበት ከሴልቲኩ አጥቂ ከጂሚ ኩዊን ለመሸሽ ዞር ባለ ጊዜ ግን፥ ኳሷን እንደ ያዘ የግቡን መስመር አለፈ፤ ዳኛውም ጎል ነው ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ግጥሚያው ሁለት ለሁለት አለቀ።

ከሳምንት በኋላ ኤፕሪል 17 ቀን በድጋሚ ተገናኙ፤ ስድሳ ሺህ ያህል ሕዝብም እንደ ገና ከፍሎ ገባ። በዚህም ቀን አንድ ለአንድ ተለያዩ። የጨዋታው ሰዓት ባበቃ ጊዜ ግን ማንም ከስፍራው አልተነቃነቀም። አንዳንድ ጋዜጦች አስቀድመው ተጨማሪ ሰዓት እንደሚኖር የሚያሳስብ ወሬ ጽፈው ነበርና፥ ሕዝቡ አሸናፊው በዚያው ቀን እንደሚለይ አምኖ ቆመ። ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ ወዲያው ሳይወጡ በሜዳው ላይ ስለ ዘገዩ እምነቱ ይበልጥ ጸና። የማኅበሩ ደንብ ግን ሌላ ነበር፤ ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው ሦስተኛው ግጥሚያ እኩል ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ደንቡ ተጽፎ ነበር፤ ከፍሎ ለገባው ሕዝብ ግን የነገረው አልነበረም።

አንድ ሠራተኛ የማዕዘኑን ባንዲራ ነቅሎ ሲሄድ በታየ ጊዜ ነገሩ ገሃድ ሆነ። ወዲያው በሺህ የሚቈጠር ሰው አጥሩን እየዘለለ ወደ ሜዳው ወረደ። የግቡ ቋሚዎች ተነቀሉ፤ መረቡ ተቀዳደደ፤ ቲኬት የሚቈረጥባቸው የእንጨት ጎጆዎች በእሳት ተያያዙ። ጋዜጦች እንደ ዘገቡት እሳቱን ለማባባስ ዊስኪ ያፈሰሱበት ነበሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመጡ ጊዜ በድንጋይ ተደበደቡ፤ የውሃ ቱቧቸውም ተቈራረጠ። ፖሊሶቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ሁከቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ፤ መቶ ያህል ሰዎችም ቆሰሉ።

የታሪክ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀን የሴልቲክና የሬንጀርስ ደጋፊዎች እርስ በርሳቸው አልተዋጉም፤ ይልቁንም በአንድነት ሆነው የጋራ ቍጣቸውን በሜዳው፥ በፖሊሱና በገንዘብ መቀበያው ጎጆ ላይ አወረዱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፥ ሁለቱ ክለቦች ሦስተኛ ገቢ ለማግኘት ሲሉ ሆን ብለው እኩል ወጡ እያለ ያማ ነበር። ሐሜቱ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም። ነገር ግን ከደመወዙ ለመግቢያ የከፈለ ሠራተኛ ሐሜቱን ያመነው፥ እውነተኛውን ነገር አስቀድሞ የነገረው ሰው ባለመኖሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ክለቦች በአንድ ቃል ሦስተኛው ግጥሚያ እንዲቀር ለማኅበሩ አመለከቱ። ማኅበሩም ተስማምቶ ዋንጫውንና ሜዳዮቹን ለማንም ሳይሰጥ አስቀረ፤ ሜዳው የኩዊንስ ፓርክ ክለብ ንብረት ስለ ነበረም ለደረሰበት ጥፋት ካሣ ተከፈለው። በዋንጫው መዝገብ የ1909 አሸናፊ ስም አይገኝም። ሬንጀርስም ዋንጫውን እንደ ገና ለመጨበጥ፥ ሴልቲክን አራት ለዜሮ እስከ ረታበት እስከ 1928 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በ1980 በዚያው በሃምፕደን ሌላ ሁከት ተነሣ። ሴልቲክ በተጨማሪ ሰዓት ሬንጀርስን አንድ ለዜሮ በረታ ጊዜ፥ የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው እርስ በርሳቸው ተደባደቡ፤ ፖሊስም በፈረስ ሆኖ በተናቸው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ በስኮትላንድ ስታዲዮሞች መጠጥ ይዞ መግባትን ከለከለ። የመጀመሪያው ሁከት ከጥርጣሬ፥ ሁለተኛው ከጥላቻ የመጣ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የኳስ ረብሻ» ብሎ ማለፍ ታሪክን እንዳለማንበብ ይቈጠራል፤ ምክንያቱ የተለየ ሕመም መድኃኒቱም የተለየ ነውና። ጥላቻን ለማስታገሥ ረጅም ዘመን ያስፈልግ ይሆናል፤ የ1909ኙን ጥርጣሬ ግን ከጨዋታው በፊት በሜዳው በር የተለጠፈ አንድ ማስታወቂያ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ይህ ለእኛ ለመምህራን ሩቅ ታሪክ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ግጥሚያ ፊሽካ የምንይዝ፥ ፈተና የምናርም፥ ሽልማት የምናድል እኛ ነን። ደንቡ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ተማሪው ካላወቀው፥ ትክክለኛው ፍርድ እንኳ አድልዎ መስሎ ይታየዋል። የድኾችን ልጆች ለመመገብ በአንድ መምህር የተመሠረተው ክለብ፥ ሃያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሜዳ በተቃጠለበት ግጥሚያ መካፈሉ ያሳዝናል። ስለዚህ ዳኛ የሚሆን መምህር ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ሁለቱን ወገኖች ሰብስቦ፥ እኩል ብትወጡ የሚሆነው ይህ ነው ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይንገራቸው፤ ለተመልካቾቹም እንዲሁ።