የእንዶድ ሽልማትና ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች



ያለፈው ወር ስብሰባችን የተጠራው ለቁጠባው ሒሳብ ነበር። ሒሳቡ ቶሎ አለቀና ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲያልፍ ወሬው ወደ ሽልማት ዞረ። ከአባሎቻችን ሴት ልጆች መካከል በኬሚስትሪ ብልጫ ላሳየች አንዲት ልጅ በየዓመቱ ትንሽ ሽልማት ለመስጠት መስማማታችን ይታወሳል። ኬሚስትሪ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ ኬሚስትሪን ፈርተው ከተፈጥሮ ሳይንስ የሸሹ ልጆች በየቤታችን አሉ፤ አንዳንዶቻችንም ራሳችን የሸሸን ነን።

ሽልማቱ ለተማሪዋ ብቻ ይሁን ወይስ ያስተማራትም ሰው ይታሰብ በሚለው ስንከራከር፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ አንዲት እናታችን ጣልቃ ገቡ። እኚህ እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከፒያሳ ቀበና ወንዝ ድረስ እየወረዱ የሰው ልብስ በማጠብ ነው። «እንዶድ የወቀጥነው እኛ፣ በእንዶድ የተሸለመው ሌላ» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዶክተር አክሊሉን ነው የምላችሁ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ሽልማቱ ይገባቸዋል። ግን የዚያች ወንዝ ዳር የነበረችው ሴት ስም ማን ነው?» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። የመለሰ አልነበረም። ታሪኩን አንብበን እንድንጽፍ የተወሰነው ያኔ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ዓድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። ከበሽተኛው ሰውነት የሚወጣው የትል እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ደግሞ ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውለው፣ የሚቀዳውና የሚያጥበው ማን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የበሽታውን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ኬሚካል በውጭ አገር ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን የድሃ አገር አቅም የሚችለው አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄዱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ይታያል። ከማጠቢያው በላይ ያለው ደህና ነው። ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። ጨመረች። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ያነበብነው ሁሉ ይህቺን ሴት «አንዲት ሴት» ብሎ ያልፋታል።

እዚህ ላይ ስለ እንዶድ ትንሽ እንቆይ፤ ከከተማ ልጆቻችን መካከል አይተውት የማያውቁ አሉና። እንዶድ እየተጠላለፈ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወንዴና ሴቴ ተክሉ ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ናት። (ይህ ሲነበብ ስብሰባው ውስጥ እልል ያለች ነበረች።) እናቶቻችን ፍሬውን የሚለቅሙት በስሎ ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ በሙቀጫ ይወቅጡታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዝፉታል፣ ከዚያ አረፋውን ያወጡታል። ነጠላና ቡልኮ በእንዶድ ሲታጠብ የሚያወጣውን ንጣት የዱቄት ሳሙና አያመጣውም የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉን፤ በዚህ ላይ ክርክር አንገጥምም።

ኬሚስቶች ኋላ መርምረው የደረሱበትን ስናነብ ነው የተገረምነው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ፍሬው ውስጥ እያለ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት ታስሮበታል፤ እንደታሰረ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ኃይሉ የሚወጣው ያኔ ነው። ተመራማሪዎች በውሃ ፈንታ ሜታኖል በሚባለው የአልኮል ዓይነት ሲያወጡት ያገኙት ያልተፈታውን፣ ኃይል የሌለውን ነው። አረንጓዴው ፍሬ ከበሰለው የበለጠ ኃይል እንዳለውም በጥናት ታይቷል። እንግዲህ አረንጓዴውን መልቀም፣ መውቀጥና በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ማለት የሥራው ዋናው ክፍል ማለት ነው። ይህን ማንም ፕሮፌሰር አላስተማራቸውም። ለቀንድ አውጣ ብለው አልሠሩትም፤ ለልብስ ነው። ቢሆንም ትክክለኛውን መንገድ ያገኙት እነሱ ናቸው፤ ከእናት ወደ ልጅም ያስተላለፉት እነሱ ናቸው።

ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን በዶክተር አክሊሉ አባት ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። ዓድዋ ላይ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ወንዞቹን በእንዶድ የማከም ሥራ ተሠራ፤ በትንንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። የሰብል ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዝርያዎችን ከየአካባቢው ሰብስበው አወዳደሩ፤ ቁጥር 44 የተባለው ዝርያ የተመረጠው ከዚያ ውስጥ ነው። ስለ ዶክተር ለገሠ የሚወራው ጥቂት ነው፤ ችግኝ ያባዛ ሰው ግን ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ስቶክሆልም ላይ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ሽልማቱ በ1980 የጀመረ ሲሆን «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ ይጠራል። መሥራቹ ያኮብ ፎን ዩክስኩል ለአካባቢ ጥበቃና ለድህነት ሥራ አዲስ ሽልማት እንዲጨመር የኖቤል ድርጅትን ጠይቀው አልሆን ሲላቸው፣ የሰበሰቡትን ውድ ቴምብር ሸጠው በራሳቸው የጀመሩት ነው። እርግጥ ስሙ የኬሚስትሪ ሽልማት አይደለም። የተሸለመው ግን ሳፖኒንን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ላብራቶሪ ያደረሰ፣ ከላብራቶሪም ወደ ወንዝ የመለሰ ሥራ ነው።

ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አለፈ። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ዶክተር አክሊሉ ሽልማቱን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ችግሩ የሳይንስ ብቻ እንዳልነበር ተናግረዋል። ከአፍሪካ የወጣ፣ በአፍሪካዊ የተመራ ምርምር በሌላው ዓለም በቀላሉ አይታመንም ነበር። የመርዛማነቱ ምርመራ ውጭ አገር፣ በውጭ አገር ደንብ፣ በውጭ ላብራቶሪ ካልተሠራ አይበቃም ተባለ። ጥንቃቄው ትክክል ነው፤ እንዶድ ሲጠጣ አደገኛ መርዝ ነው፤ ለሆድ ትል ወይም ለሌላ ነገር ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ጥንቃቄና ንቀት ግን ይለያያሉ።

ቅሬታችን ለዶክተር አክሊሉ እንዳይመስልባቸው ለእናታችን የነገርናቸው አንድ ነገር አለ። ስለ ወንዝ ዳሯ ሴት የምናውቀው እሳቸው ደጋግመው ስለተናገሩ ነው። ግኝቱን «ላብራቶሪ ውስጥ አገኘሁት» ብለው ቢያልፉት የሚከራከራቸው አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ በዚያ አገር የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን እንደሚገድል አረጋግጦ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ከፈጠራው ባለቤቶች ስም መካከል የዶክተር አክሊሉ አለ። የወቃጮቹ ስም ይህም ወረቀት ላይ የለም። እንዲህ ያለው ወረቀት ለሙቀጫ ቦታ የለውም።

በዚያው በ1964 ዓመት የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማትን ያገኙት ሴት ነበሩ፤ እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆጅኪን። የፔኒሲሊንና የቫይታሚን ቢ12 ሞለኪውል እንዴት እንደተገነባ ያሳዩ ናቸው። ዜናው የደረሳቸው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ባለቤታቸው ይሠሩበት በነበረው ጋና። አንድ የአገራቸው ጋዜጣ ታዲያ ዜናውን ሲጽፍ ሳይንቲስት ሳይሆን የቤት እመቤት ብሎ ጠራቸው። ከ1901 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ሴቶች ሰባት ናቸው። ስም የሚጻፍላቸውም ቢሆኑ አጻጻፉ እንዲህ ነው።

ለልጆቻችን ደግሞ ቅርብ የሆነች አለች። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ የተወለደች ናት፤ አባቷ የብራና ጽሑፎች ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ቤተሰቡ በ1970ዎቹ አገር ለቆ ሲሄድ ገና ልጅ ነበረች። ጠጣር አሲድ በተባሉ ውሁዶች የሚሠራ፣ ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴል ላይ ባደረገችው ምርምር በዓለም ትታወቃለች፤ በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝታለች። እንደ አባል ልጅ አንቺ እያልን መጥራታችንን ይቅር ትበለን።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ፒያሳ የምናውቃት ፒያሳ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት ቤቶች ውስጥ የእኛም ነበሩበት፤ አሁን ለስብሰባ በሁለት ታክሲ፣ በሦስት ታክሲ የሚመጡ አሉ። ድሮ ከአንድ ግቢ የነበረው ሙያ (የእንዶዱ፣ የጌሾው፣ የጠጅ ሣሩ) ከሰዎቹ ጋር ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። ቀበናም ልብስ የሚታጠብበት ውሃ አይደለም። ከአራት ኪሎ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እስከ ቀበና ወንዝ በእግር የሚወረድ ነው፤ ወንዝ ዳር የነበሩት እናቶች ግን ያንን በር አንኳኩተው አያውቁም፤ እኛም አንኳኩተን አናውቅም። ልጃችን እዚያ ብትገባ ደስ ይለናል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ሽልማቱ ለተማሪዋ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ለደብተርና ለመጻሕፍት ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ነጠላ ይኖራል። የምስክር ወረቀቱ ላይ ከተማሪዋ ስም በታች ሁለት መስመር እንዲጨመር ወስነናል። አንደኛው ለመምህሯ ነው፤ ሁለተኛው በቤቷ ሙያ ላስተማረቻት ሴት ነው። እናት ትሁን አያት ወይም ጎረቤት፣ ስሟ ከነአባቷ ይጻፋል። ማተሚያ ቤቱ መስመር መጨመር ዋጋ ያስወጣል ብሎናል፤ ከሻይ ቡናው መዋጮ እንዲቆረጥ ተደርጓል።

ነጠላውን እናታችን በእንዶድ አጥበው ሊያዘጋጁ ቃል ገብተዋል። ፍሬውን ከየት እንደሚያገኙ ግን አልነገሩንም፤ ጓሯችሁ ውስጥ ወይም ገጠር ዘመድ ጋ ያላችሁ አባሎች በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። አረንጓዴ ይሁን ብለዋል።