የኩሩማን ምንጭና የሞፋት ቤተ ሰብ ኑሮ (1820–1870)

በደቡብ አፍሪቃ፥ በካላሃሪ ምድረ በዳ ደቡባዊ ጠርዝ፥ ኩሩማን የሚባል ስፍራ አለ። ዝናሙ ጥቂትና የማይታመን፥ ምድሩም አሸዋማና እሾሃማ ቍጥቋጦ የሞላበት ነው፤ ነገር ግን ከዓለት ሥር የሚፈልቀው ምንጩ በቀን ወደ 20 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይሰጣል። የለንደን ሚሲዮን ማኅበር መልእክተኛ የነበሩት ሮበርት ሞፋትና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል የኖሩት በዚህ አካባቢ ነው። ስለ ሞፋት ስብከትና ጕዞ ብዙ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን ጣቢያው በምን እንደ ጸና፥ ከአገሩ ሕዝብም ጋር የነበረው ግንኙነት ምን ዓይነት እንደ ነበረ አጉልቶ የሚያሳየው የዕለት ኑሯቸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ሞፋት በ1795 በስኮትላንድ ተወለዱ፤ ሙያቸው አትክልተኝነት ነበረ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ከተወለዱት ከሜሪ ስሚዝ ጋር የተዋወቁትም በሜሪ አባት የችግኝ ስፍራ ሲሠሩ ነው። ሮበርት በ1817 ኬፕ ታውን ደረሱ። ሜሪ ወላጆቻቸው እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ቆይተው በ1819 ዲሴምበር ስለ መጡ፥ በዚያው ወር ተጋቡ። በተከታዩ ዓመት ወደ ባትላፒንግ አገር ዘለቁ። ባትላፒንግ ሴትስዋና ከሚናገሩት ነገዶች አንዱ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ አለቃው ሞቲቢ ይባል ነበረ።

የመጀመሪያው ጭንቅ የውሃ ጭንቅ ነበረ። መልእክተኞቹ ለአትክልታቸው ከወንዙ ረጅም ቦይ ጠልፈው ነበረ፤ የአካባቢው ሴቶችም ይህን አይተው ከላይ በኩል ውሃውን ወደ ማሳቸው መለሱት። የሚሲዮኑ አትክልት በፀሐይ ሲጠወልግ ሞፋትና ባልደረባቸው ሐሚልተን ዶማ ይዘው ከቀትር በኋላ እየወጡ ለሌሊቱ የሚሆን ውሃ ይመልሱ ነበረ። ሴቶቹ ግን በዚህ ተቈጥተው ግድቡን ራሱን አፈረሱና ወንዙን ወደ ቀድሞ መንገዱ ሰደዱት። ሞፋት ይህን እንደ ክፋት ቈጥረው ጽፈውታል፤ ከሴቶቹ ወገን ሲታይ ግን ውሃው ከገዛ ወንዛቸው የተጠለፈ፥ እርሻውም የእነሱ ድርሻ ነበረ።

ድርቅ በበረታ ጊዜ ደግሞ ዝናም የከለከሉት መጻተኞቹ ናቸው የሚል ወሬ ተነሣ፤ የጸሎት ደወላቸው እንኳ ደመና ያባርራል ተብሎ ተወቀሰ። በመጨረሻ አንድ አለቃ ጦር ይዞ ከተከታዮቹ ጋር መጥቶ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዛቸው። ሞፋት ደረታቸውን ገልጠው ከሞት በቀር የሚያስለቅቃቸው ነገር እንደሌለ መለሱ፤ ወይዘሮ ሜሪም ሕፃን ታቅፈው በጎጆው ደጃፍ ቆመው ነበረ። ሰዎቹም ሳይነኳቸው ተመለሱ።

በ1824 ጣቢያው ወደ ምንጩ ቀረብ ወዳለ ሸለቆ ተዛወረ። ሞፋት መሬቱን በጥቂት ዕቃ እንደ ገዙት ቈጠሩ። በባትስዋና ልማድ ግን መሬት በአለቃው እጅ ሆኖ ለሚጠቀምበት ይታደላል እንጂ ተሸጦ አይወጣም፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ግዢ ያለውን ሌላው የመቀመጫ ፈቃድ ሊለው ይችል ነበረ።

በአዲሱ ጣቢያ ሞፋት አናጢ፥ ግንበኛና ቀጥቃጭ ሆነው ዋሉ። የቤቱ ሸክም ግን በወይዘሮ ሜሪ ላይ ነበረ። ዐሥር ልጆች ወልደዋል፤ ከኬፕ ታውን ዕቃ ለማምጣት በበሬ ሠረገላ የብዙ ሳምንት መንገድ ስለ ነበረ ለቤት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በእጅ ይሠራ ነበረ። እበትን መጀመሪያ ቢያስገርማቸውም ኋላ ዋና የቤት መሣሪያ አደረጉት፤ ወለሉን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በእበት እንደሚያስለቀልቁ፥ ይህም አቧራ እንደሚያስቀርና ቍንጫ እንደሚያጠፋ ወደ አገራቸው ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ገጠር ቤቷን የምትለቀልቅ እመቤት ለዚህ ማስረጃ አያስፈልጋትም። በኩሩማን ግን ልታስተምር የመጣችው እመቤት ከጎረቤቶቿ የተማረችው ሙያ ነበረ።

ትምህርቱ ከሌላውም ወገን ይሄድ ነበረ። ባትላፒንግ ሞራን ገላቸውን ይቀቡበት ስለ ነበረ፥ ሞፋቶች ሻማ አድርገው ማቃጠላቸው ብክነት ሆኖ ታያቸው። በ1829 የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ከተጠመቁ በኋላ ግን በየቤቱ ሞራ ማጠራቀምና ሻማ ማዘጋጀት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሜሪ አንድም አማኝ ባልነበረበት ጊዜ ከእንግሊዝ አገር ወዳጃቸው የለመኑት የቅዱስ ቍርባን ንዋይ ደረሰላቸው።

ከሁሉ የጠለቀውን ለውጥ ያመጣው ማረሻ ነው። በባትስዋና ልማድ ከብት የወንዶች፥ ቍፋሮና አዝመራ የሴቶች ሥራ ነበረ፤ ሴቶችም ከበሬ እንዲርቁ ልማዱ ያዝ ነበረ። ማረሻ በበሬ የሚሳብ ስለ ሆነ፥ እየተስፋፋ ሲሄድ እርሻው ከሴቶች ወደ ወንዶች እጅ ተላለፈ። ግድቡን ያፈረሱት ሴቶች የተሟገቱለት ድርሻ በዚህ ዓይነት ያለ ጠብ ቀነሰ።

በቋንቋም በኩል እንዲሁ ነው። ሞፋት በ1827 ከባሮሎንግ መካከል ተቀምጠው ሴትስዋናን ጠንቅቀው ተማሩ። የሉቃስ ወንጌል በ1830 በኬፕ ታውን ታተመ፤ በተከታዩ ዓመት የማተሚያ መኪና ኩሩማን ገባ። አዲስ ኪዳን በ1840 በለንደን ታትሞ፥ የብሉይ ኪዳን ትርጕምና ኅትመት በ1857 በጣቢያው ተፈጸመ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ሆኖም ለእግዚአብሔር «ሞዲሞ» የሚለውን የአገሩን ስም ሲወስዱ፥ የቀደሙት አባቶች መናፍስት የሚጠሩበትን «ባዲሞ» ለአጋንንት አዋሉት። ስለዚህ አንባቢው በገዛ ቋንቋው የአያቶቹን ስም በርኵሳን መናፍስት ስፍራ አገኘው።

ባልና ሚስቱ በዚያው አረጁ። የበኵር ልጃቸው ሜሪ በ1845 ዴቪድ ሊቪንግስተንን አግብታ ነበረ፤ በ1862 በዛምቤዚ ወንዝ ዳር ሞተች፤ ወንድሟ ሮበርትም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በ1870 መጋቢት ላይ ሞፋት የመጨረሻ ስብከታቸውን አሰምተው ኩሩማንን ለቀቁ። ወይዘሮ ሜሪ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ቆይተው በ1871 መጀመሪያ በለንደን ዐረፉ፤ ባለቤታቸው እስከ 1883 ቆዩ።

በ1885 አገሩ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ሲገባ ሕዝቡ በተከለሉ ስፍራዎች እንዲወሰን ተደረገ። ሞፋቶች ይህን አላዘዙም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉም ከሕዝቡ ጋር ድርቅን ተካፍለዋል። ይሁን እንጂ መሬት በዕቃ ይገዛል፥ ውሃም ለጠለፈው ነው የሚለው አሳብ በኩሩማን ከመንግሥት አዋጅ በፊት በአትክልታቸው ቦይ ታይቶ ነበረ። የሚሲዮን ታሪክ ጸሓፊ የተጠመቁትን ሲቈጥር ቦዩን፥ ማረሻውንና የቃላቱን ትርጕም አብሮ ሊመረምር የሚገባው ስለዚህ ነው።